የመጠለያ ደኅንነት (ኒው ዮርክ)

በኒው ዮርክ ከተማ ቤት አልባ ሰዎች በሚያድሩባቸው መጠለያዎች የአዳሪውን አካልና ንብረት ከጥቃትና ከስርቆት የመጠበቅ ጉዳይ። መሠረቱ በ1979 እ.ኤ.አ. በቤት አልባው ሮበርት ካላሃን ስም ተከፍቶ በ1981 በስምምነት የተቋጨው ክስ ነው። ስምምነቱ ከንጹሕ ፍራሽ፣ አንሶላና ብርድ ልብስ ሌላ ለእያንዳንዱ አዳሪ የሚቆለፍ የዕቃ ማስቀመጫ እንዲሰጠው ያዛል። ቁልፉ ተራ ነገር አይደለም፤ መታወቂያው የተሰረቀበት ሰው ሥራም ቤትም ለማግኘት ይቸገራል። ልምድ ያላቸው አዳሪዎች ሰነድና ስልካቸውን ከልብሳቸው ሥር ታጥቀው፣ ጫማቸውን ትራስ ሥር አድርገው ይተኛሉ። ብዙ አልጋ በተደረደረበት አዳራሽ ግን የአዳሪው ጥንቃቄ ብቻውን አይበቃም፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚዞር ጠባቂ የግድ ነው። ጥቃት የደረሰበት ሰው ወደ ሌላ መጠለያ እንዲዛወር መጠየቅ ይችላል። ከቤት ውስጥ ጥቃት ለሸሹ ደግሞ አድራሻቸው በምስጢር የሚያዝ መጠለያዎች አሉ።