ከጣት አሻራ ወደ ፊርማ
የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና የቤተሰብ ግንኙነት በታሪክ ሲታይ

የአንድን ኅብረተሰብ የትምህርት ታሪክ ለማጥናት የሚነሣ ሰው ዘወትር ዓይኑን የሚጥለው በአዋጆች፣ በሕንፃዎችና በታዋቂ መምህራን ስም ላይ ነው። ይህ ተገቢ ቢሆንም ብቻውን በቂ አይደለም። ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ፣ ልጁን ጧት ልኮ ማታ የሚጠብቅ ቤተሰብ አለና፤ የዚያ ቤተሰብ ታሪክ ካልተጻፈ የትምህርት ታሪካችን ከግማሽ አያልፍም።

ሰኔ 30 በትምህርት ቤቶቻችን ልዩ ትዝታ ያላት ዕለት ናት። ተማሪው የዓመቱን ድካም ውጤት በአንዲት ካርድ ላይ ተጽፎ የሚቀበለው በዚያን ዕለት ነው። ካርዷ የየትምህርቱን ነጥብ፣ ከክፍል ጓደኞቹ መካከል ያገኘውን ደረጃ፣ ወደሚቀጥለው ክፍል መዛወሩን ወይም አለመዛወሩን ትናገራለች። በዓመቱ አጋማሽም ወደ ቤት ተልካ የምትመለስ በመሆኗ ወላጅ የሚፈርምባት ባዶ መስመር አላት።

የዚህ ጽሑፍ መነሻ ያቺ ባዶ መስመር ናት። በብዙ ሺህ ካርዶች ላይ ለረጅም ዘመን ያረፈው ፊርማ ሳይሆን የጣት አሻራ ነበር። ማንበብ የማይችል አባት ካርዱን የሚያስነብበው ለዚያው ለልጁ ነው፤ ተከሳሹም፣ ምስክሩም፣ ፍርዱን የሚያነበውም አንድ ሕፃን ሆነ ማለት ነው። ልጁ እውነቱን ቢናገር ተመስገን፤ ባይናገር ግን አባት የሚያመሳክርበት መንገድ አልነበረውም። እንግዲህ በትምህርት ቤትና በቤተሰብ መካከል የነበረው ትስስር በአደራ ላይ የቆመ እንጂ በጋራ ዕውቀት ላይ የተመሠረተ አልነበረም። ይህ አደራ ወደ ጋራ ዕውቀት ለመለወጥ ያደረገውን ጉዞ ከዚህ ቀጥለን እንመለከታለን።

የኔታና መንደሩ

ዘመናዊ ትምህርት ከመስፋፋቱ በፊት በሰሜኑና በመካከለኛው የአገራችን ክፍል የብዙ ሕፃናት የመጀመሪያ ተማሪ ቤት የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ወይም የየኔታ ደጃፍ ነበር። ሕፃኑ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ፊደሉን በስንጥር እየነካ ይቆጥራል፤ አቡጊዳን ያልፋል፤ በዮሐንስ መልእክት ንባብን ይለማመዳል፤ በመጨረሻም 150ውን መዝሙረ ዳዊት ይደግማል። ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን ያስቆጥራል፤ የኔታም ሁሉን እያዳመጡ የሳተውን ከተቀመጡበት ያርማሉ።

ይህ ትምህርት በድምፅ የሚካሄድ በመሆኑ ከቤተሰብ የተሰወረ አልነበረም። እናት ፊደል ባትለይም ጆሮዋ ይለያል፤ ልጅዋ ከፊደል ቆጠራ ወደ ንባብ መሻገሩን እህል እየፈጨች ትሰማለች። ልጁ ዳዊት የደገመ ዕለት ቤተሰቡ እንደ አቅሙ ጠላ ጠምቆ፣ እንጀራ ጋግሮ ጎረቤት ይጠራል፤ ለየኔታም ስጦታ ያቀርባል። ድግሱ የመብልና የመጠጥ ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ የልጁ ዕውቀት በሕዝብ ፊት የሚመሰከርበት፣ መምህሩም ለድካሙ ክብር የሚያገኝበት ሥርዓት ነበር። ከሩቅ አገር የመጣውን የቆሎ ተማሪ ደግሞ የሚመግበው መንደሩ ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ በየደጁ ሲለምን ቁራሽ የምትሰጠው እናት፣ ሳታውቀው የትምህርት ቤቱን በጀት ታዋጣ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በወሎ፣ በሐረርና የእስልምና ትምህርት በጠናባቸው ሌሎች አካባቢዎችም ተመሳሳይ ሥርዓት እናገኛለን። ሕፃናት በእንጨት ሉህ ላይ በቀለም እየጻፉ፣ የያዙትን አጥበው ሌላ እየጻፉ ቁርኣን ይቀራሉ፤ ቁርኣን ያኸተመ ልጅ ቤተሰብም ደስታውን ከጎረቤት ጋር ይካፈላል።

ሆኖም የዚህ ነባር ሥርዓት ወሰን መዘንጋት የለበትም። የሚነበበው ቋንቋ ግዕዝ ወይም ዐረብኛ በመሆኑ እናት ድምፁን እንጂ ትርጉሙን አትጋራም። በቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ንባብ ሲጠና ጽሕፈት ለጥቂቶች የተተወ ሙያ ነበር። ሴቶች ልጆችም፣ ከመኳንንትና ከካህናት ቤት ከወጡ ጥቂቶች በቀር፣ ከዛፉ ጥላ ውጭ ቀርተዋል።

አዋጅና ጥርጣሬ

በ20ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ መንግሥት የትምህርትን ጉዳይ በእጁ ማስገባት ጀመረ። ዳግማዊ ምኒልክ ባስነገሩት አዋጅ ከ6 ዓመት በላይ የሆኑ ወንዶችና ሴቶች ልጆች እንዲማሩ አዘዙ፤ ልጁን ሳያስተምር የሞተ ወላጅ ሀብትም ለልጁ መተላለፉ ቀርቶ ለመንግሥት እንዲሆን ወሰኑ። አዋጁ በተግባር የተፈጸመ ባይሆንም አነጋገሩ ልብ ይባላል። መንግሥት ለመጀመሪያ ጊዜ ትምህርትን አስመልክቶ ወላጅን ሲያነጋግር የጀመረው በውርስ ማስፈራሪያ ነበር። ወላጁ ተጠሪ እንጂ ባለቤት ተደርጎ አልተቆጠረም።

ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከግብፅ በመጡ የኮፕት መምህራን ሥራውን ጀመረ። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንን፣ በ1924 ዓ.ም. ደግሞ ለሴቶች ልጆች የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች በር ቀድመው የገቡት አብዛኞቹ የመኳንንትና የሹማምንት ልጆች ነበሩ። የውጭ አገር ቋንቋ የሚማር ልጅ ሃይማኖቱን ይለውጣል የሚል ስጋት በካህናቱም ሆነ በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ሥር ሰድዶ ነበር። ይህን ስጋት በድንቁርና ብቻ መተርጎም ፍትሐዊ አይደለም፤ ልጁ የሚማረውን መስማትም ሆነ ማንበብ ያልቻለ ወላጅ ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

በዚያው ዘመን ሌላ መንገድ የቀየሱም ነበሩ። በ1896 ዓ.ም. ግድም ወደ ነቀምቴ የተመለሱት ኦነሲሞስ ነሲብና ባልደረባቸው አስቴር ጋኖ፣ አስቀድመው በኦሮምኛ ያዘጋጁትን የንባብ መጽሐፍ ይዘው ሕፃናትን በቤታቸው ቋንቋ ያስተምሩ ጀመር። ልጁ ያነበበውን እናቱ ሰምታ የምትረዳበት ትምህርት ምን ሊመስል እንደሚችል ያመለከተ ሥራ ነበር፤ ነገር ግን ከተቃውሞ አላመለጠም፤ በመላው አገር ሳይለመድም ቀረ።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው የፋሺስት ወረራ ጥቂቶቹን ትምህርት ቤቶች ዘግቶ፣ ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹን ፈጀ። ከነጻነት በኋላ ትምህርት ቤቶች በየጠቅላይ ግዛቱ ተከፈቱ። በ1950ዎቹ አጋማሽ አማርኛ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል የማስተማሪያ ቋንቋ ሲሆን፣ ቢያንስ አማርኛ በሚነገርበት ቤት ልጁ የተማረውን ማታ ለማስረዳት መተርጎም አላስፈለገውም። የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» በዚህ ረገድ የሚጠቀስ ነው። ልጁ ለቤት ሥራ በቃሉ ሲያጠና ምድጃ ዳር የተቀመጡ አያቱ አብረው ይይዙታል፤ ፊደል ያልቆጠሩት አያት የመማሪያ መጽሐፍ ተካፋይ ሆኑ። አማርኛ በማይነገርበት ቤት ግን ግንቡ እንደ ቆመ ቀረ።

ከ1950ዎቹ ማብቂያ ጀምሮም በስዊድን መንግሥት ርዳታ በተሠሩ በርካታ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የአካባቢው ሕዝብ ገንዘብና ጉልበት አዋጥቷል። ያዋጣበትም ምክንያት ግልጽ ነው። ማንበብ የሚችል ልጅ ለገበሬ ቤት የክብር ጌጥ ብቻ አልነበረም። የግብር ደረሰኙን የሚያነብለት፣ የፍርድ ቤት መጥሪያውን የሚገልጽለት፣ ለጸሐፊ ከመክፈልና ከመታለል የሚያድነው እርሱ ነበር።

የ1966ቱ ጥያቄ

ቤተሰብ ከትምህርት ቤት ምን ይጠብቅ እንደነበር በግልጽ የታየው በ1966 ዓ.ም. ነው። «ሴክተር ሪቪው» በመባል የታወቀው የትምህርት ማሻሻያ ጥናት፣ ለአብዛኛው ሕፃን አራት ዓመት የመሠረት ትምህርት ሰጥቶ ወደ ላይ የሚያልፉትን ቁጥር መወሰን ይገባል የሚል ሐሳብ ይዞ ቀረበ። ጥናቱ የአገሪቱን ገንዘብ አመዛዝኖ፣ ትምህርትን ወደ ገጠሩ ለማዳረስ ያቀደ ነበር። ወላጁ የተረዳው ግን በሌላ መንገድ ነው፤ የድኻ ልጅ አራተኛ ላይ ይቁም፣ የባለጸጋ ልጅ ይቀጥል ማለት ነው አለ። መምህራኑም በኑሯቸው ላይ የሚያስከትለውን በመስጋት ተነሡ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የመምህራን ሥራ ማቆም አድማ ሲጀመር የታክሲ ነጂዎችም በነዳጅ ዋጋ መናር ምክንያት በዚያው ዕለት ቆሙ። መንግሥት ጥናቱን በሥራ ላይ ከማዋል ለመቆጠብ ተገደደ። የጣት አሻራውን በካርድ ላይ ያሳርፍ የነበረው ወላጅ፣ ስለ ልጁ የተጻፈውን ባያነብም ስለ ልጁ የታሰበውን መመርመር እንደሚችል ያን ጊዜ ታየ።

የማታው ክፍል

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የነገሩን ሥርዓት ገለበጠው። ቀን ልጆች የተቀመጡበትን ወንበር ማታ እናቶችና አባቶች ያዙት። መምህራን፣ ተማሪዎችና የመንግሥት ሠራተኞች አስተማሪ ሆኑ። በአምስት ቋንቋዎች የተጀመረው ትምህርት በሂደት ወደ 15 ቋንቋዎች አደገ፤ በ1972 ዓ.ም. ዘመቻው በዩኔስኮ አማካይነት ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አገኘ። ከሽልማቱ ይበልጥ ግን በየቤቱ የተፈጸመው ነገር ይመዝናል። ልጅ የእናቱን እጅ ይዞ እርሳስ አያያዝ አሳየ፤ እናት ስሟን ጻፈች። በካርዱ ባዶ መስመር ላይም ከጣት አሻራው ቀጥሎ የተንቀጠቀጠ፣ ነገር ግን የራስ የሆነ ፊርማ ብቅ አለ።

ዘመቻው እንከን አልነበረውም ማለት አይቻልም። የሚነበብ ጽሑፍ በአቅራቢያቸው ባለማግኘት የተማሩትን የዘነጉ ጥቂቶች አልነበሩም። ሌላም ቅራኔ ነበር። እናት ማታ በወላይትኛ ወይም በኦሮምኛ ስታነብ፣ ልጅዋ በቀኑ ክፍለ ጊዜ በአማርኛ ይማር ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ሲወስን፣ የምድጃ ዳር ቋንቋ ወደ ክፍል ገባ። ይሁን እንጂ ኦሮምኛና ወላይትኛ በላቲን ፊደል መጻፍ በመጀመራቸው፣ በዘመቻው በግዕዝ ፊደል ማንበብ የለመደ ወላጅ የልጁን መጽሐፍ ሲከፍት እንደ ገና እንግዳ ሆነ። ቋንቋው የእርሱ፣ ፊደሉ የልጁ ነበር። ያን ጊዜም ዳግመኛ አስተማሪው ልጁ ሆነ።

የወላጆች ቀን

ትምህርት ቤትን ከቤተሰብ ያገናኘው ወረቀት ብቻ አይደለም፤ መድረክም ነው። ከወረራው በፊት ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው ከደረሷቸው ተውኔቶች በርካቶቹን የተጫወቱት የተማሪ ቤት ልጆች እንደነበሩ የቴያትር ታሪካችን ይመሰክራል። ኋላ በየአውራጃው በተለመደው የወላጆች ቀን፣ ሳጠራ ወይም አንሶላ ተጋርዶለት በግቢው መካከል የሚሠራው መድረክ ለብዙ ቤተሰብ በሕይወቱ ያየው የመጀመሪያ ቴያትር ነው። የኩታ ጥለት የተዋሰ ልጅ ንጉሥ ይሆናል፤ የጥጥ ጢም የለጠፈ ሽማግሌ ያስታርቃል፤ መዝሙሩ ይዘመራል፤ ሽልማቱ ይታደላል። ከኋላ ቆማ የምታይ እናት ልጅዋን በሰው ፊት ሲናገር ስታደምጥ፣ ዳዊት የደገመ ልጅ ድግስ በሌላ መልክ ተመለሰ ማለት ነው። ዕውቀቱ በሕዝብ ፊት ተመሰከረ፤ ልዩነቱ፣ አሁን ትርጉሙንም ትጋራለች፤ በመድረኩ ላይም ሴት ልጅ ቆማለች።

በዚህ የተነሣ የወላጆችን ቀን እንደ ትርፍ ጨዋታ የሚቆጥር የትምህርት ቤት ኃላፊ ይሳሳታል። በ1960ዎቹ መጨረሻ ትምህርት ቤቶች በሕዝብ እንዲተዳደሩ ከተደነገገ ወዲህ የትምህርት ቤት ኮሚቴዎች፣ ኋላም የወላጅና መምህር ኅብረቶች ተቋቁመዋል። ነገር ግን ወላጅ ለአጥር መዋጮ ብቻ የሚጠራበት ስብሰባ፣ በውርስ ያስፈራራውን የድሮውን አዋጅ መንፈስ አልራቀም። መዋጮ የተጠየቀ ወላጅ ልጁ ምን እንደሚማር ሊነገረውም ይገባል።

ታሪኩ የሚያስተምረን አንድ ነገር ነው። ትምህርት ቤት የሕዝብ የሚሆነው በሕዝብ ገንዘብ በመሠራቱ ብቻ አይደለም፤ የሚያስተምረውን ቤተሰብ ሲሰማው፣ ሲያነበውና ሲጠይቅበት ነው። የኔታ ይህን በድምፅ፣ ዘመቻው በፊደል፣ የወላጆች ቀን በመድረክ ሞክረውታል። እንግዲህ መምህር የተማሪውን ካርድ ሲሞላ፣ ማታ በኩራዝም ሆነ በኤሌክትሪክ ብርሃን ካርዱን የሚመለከቱ ዓይኖች እንዳሉ ያስብ፤ በዚያች ባዶ መስመር ላይ አሻራ ባየ ጊዜም ያስተማረው ልጅ ገና የሚያስተምረው ሰው በቤቱ እንዳለ ይረዳ።