የመከራ ትርዒትና ተመልካቹ፤ ከቢቸናና ከሞጣ አመፅ በመነሣት

የጭካኔና የመከራ ትርዒት በፊልም ሲታይ የተመልካቹን ልብ ያደነድናል ወይስ ይቀሰቅሳል? ከታሪካችን ሁለት ነገሮችን እናነጻጽር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ፥ የቢቸናና የሞጣ ገበሬ ርስቴ ሊነካ ነው ብሎ ተነሣ። አውሮፕላን መንደሮችን በቦምብ ቢደበድብም፥ መከራውን በዓይኑ ያየው ሕዝብ አልተበገረም፤ በመጨረሻም ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቈ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፥ ውዝፉ ግብርም ተሰረዘ።

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደግሞ የጆናታን ዲምብልቢ የወሎ ረሃብ ፊልም፥ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር ተቀላቅሎ፥ በቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ሲወሰዱ «ሌባ!» የሚል ጩኸት ተሰማ።

ገበሬው የሚታገለውን ራሱ መረጠ፤ የከተማውን ተመልካች ቁጣ ግን ፊልሙን ያቀናበረው ደርግ መራው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ፊልም ስናይ፥ ማን ለምን እንዳሳየን መጠየቅ ይገባናል።