ከቀለሙ ሥር ያለው ስም

ጣሊያናዊው የብስክሌት ፍሬም ሠሪ ኤርኔስቶ ኮልናጎ የራሱን ሥራ ሲጀምር የሥራ ጠረጴዛ የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። አባቱ አንድ የእንጆሪ ዛፍ ቆርጠው ከግንዱ አበጁለት። ጊዜው የ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ ቦታው ከሚላን ወጣ ብላ የምትገኘው ካምቢያጎ፣ ክፍሉም አምስት ሜትር በአምስት ሜትር።

ከዚያ በፊት፣ ገና በ13 ዓመቱ፣ ግሎሪያ በሚባል የሚላን ብስክሌት ፋብሪካ ተቀጥሮ ነበር። ከሥራው ጎን ለጎን ይወዳደርም ነበር። በአንዱ ውድድር ወድቆ እግሩ ሲሰበር ደመወዙ እንዳይቀርበት ሥራውን ቤቱ ድረስ እንዲልኩለት ጠየቀ። እግሩ በጀሶ ታስሮ ሲገጣጥም ከረመና፣ ቤቱ ተቀምጦ ከፋብሪካው የተሻለ ገንዘብ ማግኘት እንደሚችል ገባው። ከዚያ በኋላ ወደ ፋብሪካው የሚመልሰው ምክንያት አልነበረም።

የብስክሌት ፍሬም ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ነገር ይመስላል። ስምንት ቱቦ ተገጣጥሞ ሁለት ሦስት ማዕዘን ይሠራል፣ አለቀ። ችግሩ የሚጀምረው አንዱን ቱቦ ከሌላው ለማጋጠም ሲሞከር ነው። ሁለት ድቡልቡል ነገሮች ሲነካኩ በመካከላቸው ክፍተት ይቀራል፤ ስለዚህ ቱቦው ሞርሳ ላይ ታስሮ ጫፉ የሌላውን ወገብ እንዲያቅፍ በሞረድ ይጎደጎዳል። ተገጥሞ ይታያል፣ ብርሃን ካሳለፈ እንደገና ይሞረዳል። ጫፎቹ ቦራክስ ተቀብተው እጅጌ በመሰለ የብረት መጋጠሚያ ውስጥ ይገባሉ። ቀጥሎ እሳት ነው።

እሳቱ ላይ ብረቱ ራሱ አይቀልጥም፤ የሚቀልጠው ቱቦዎቹን የሚያጣብቀው ናስ ነው። ብረት ለመቅለጥ 1500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈልጋል፣ ናሱ ግን 900 አካባቢ ላይ እንደ ውሃ ይሆናል። ሠራተኛው ሙቀቱን የሚለካው በዓይኑ ነው። ብረቱ ደም መስሎ ወደ ብርቱካን ሲያደላ የናሱን ዘንግ ያስጠጋል። ናስ ሙቀት ወዳለበት ይሮጣልና፣ በመጋጠሚያው በአንድ ወገን የገባው በሌላው ወገን ቀጭን ወርቃማ መስመር ሆኖ ብቅ ይላል። ያች መስመር ዙሪያውን ካልታየች ውስጡ ክፍት ቦታ አለ ማለት ነው። እሳቱ ከበዛ ደግሞ ብረቱ ጉልበቱን ያጣል፣ ጉዳቱም በዕለቱ አይታይም። የሚታወቀው ከወራት በኋላ፣ ምናልባትም ቁልቁለት ላይ ነው።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ያመጣው የቱቦው ስስነት ነው። በርሚንግሃም ውስጥ ከምስማር ሠሪ ቤተሰብ የተወለደው አልፍሬድ ሬይኖልድስ ጫፍ ጫፉ ወፈር፣ መሐሉ ሳሳ ያለ ቱቦ የሚሠራበትን ዘዴ በ1897 በስሙ አስመዘገበ። እሳቱም ጫናውም የሚበረታው ጫፉ ላይ ስለሆነ መሐሉን ማሳሳት ክብደት ይቀንሳል። ኩባንያው በ1935 ማንጋኒዝና ሞሊብዲነም ያለበትን 531 የተባለ ቱቦ ሲያወጣ፣ የእንግሊዝ ፍሬም ሠሪዎች ለአሥርት ዓመታት ከእጃቸው አላወጡትም። ጣሊያኖቹ የሚገዙት በ1919 ሥራ ከጀመረው ከሚላኑ ኮሎምቡስ ነበር። ኤስኤል የተባለው የኮሎምቡስ ቱቦ ጫፉ 0.9 ሚሊሜትር፣ መሐሉ 0.6 ሚሊሜትር ነው። ከእጅ ጥፍር ብዙም አይወፍርም፤ ሰው ግን ይሸከማል።

ሚላን ከተማ ውስጥ፣ በቪጎሬሊ የብስክሌት ስታዲየም ሥር፣ ፋሊዬሮ ማዚ ወርክሾፕ ነበረው። ጣሊያኖች «ልብስ ሰፊው» ይሉታል። ቅጽሉ ያለ ነገር አልወጣለትም፤ እንዲህ ያለ ባለሙያ ቱቦ ከመቁረጡ በፊት የደንበኛውን እግር፣ ክንድና ደረት ይለካል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ማስገባት ይቻላል። የሚላንን ወርክሾፕ ለአዲስ አበባ መካኒክ መግለጽ ያን ያህል አያስቸግርም። ቱቦ፣ ሞርሳ፣ ፒንሳ፣ ጎማ፣ ፍሬን የሚሉት ቃላት የመጡት ከእነዚሁ ሰዎች ቋንቋ ነው። ማዚ መርካቶ ቢመጣ ኖሮ መሣሪያ ለመዋስ አስተርጓሚ ባላስፈለገው።

ልብስ ሰፊ ስሙን በሱፉ ደረት ላይ አይጽፍም። ፍሬም ሠሪውም ዕጣው ይኸው ነበር። ለብስክሌት ቡድኑ ገንዘብ የሚያወጣው ፋኤማን የመሰለ የቡና ማሽን አምራች ወይም ሞልቴኒን የመሰለ ቋሊማ ሠሪ ነበር። ቱቦው ላይ የሚጻፈውም የከፋዩ፣ አለዚያም የዝነኛው ተወዳዳሪ ስም ነበር። ቤልጅጋዊው ኤዲ መርክስ ለፋኤማ ሲወዳደር ፍሬሙን የሚሠራለት ማዚ ነበር፣ ወደ ሞልቴኒ ሲዛወር ኮልናጎ፣ ከዚያም ኡጎ ዴ ሮዛ። መንገድ ዳር ቆሞ የሚያጨበጭበው ተመልካች ግን ብርቱካናማው ብስክሌት ላይ የሚያነበው «ኤዲ መርክስ» የሚለውን ብቻ ነው።

መርክስም ቀላል ደንበኛ አልነበረም። በ1969 ብሎዋ በተባለችው የፈረንሳይ ከተማ ክፉኛ ወድቆ ወገቡ ከተጎዳ ወዲህ የሚመቸው መቀመጫ አጥቶ ነበር። ልኩን በየጊዜው ያስቀይራል። እንዲህ ያለውን ሰው የሚችለው ከደጁ የማይርቅ፣ ሞረዱን ጨብጦ የሚጠብቀው ባለሙያ ብቻ ነው።

ኮልናጎ ታላላቆቹን ተወዳዳሪዎች የተዋወቀውም በዚሁ መላ ነው። በ1955 ፊዮሬንዞ ማኚ እግሩን ያመው ነበር። ወጣቱ መካኒክ ብስክሌቱን ሲመረምር ፔዳሉን የያዘው ክንድ ልክ አለመሆኑን አየና አስተካከለለት። ማኚ ለዚያው ዓመት የጣሊያን ዙር መካኒክ አድርጎ ወሰደው፣ ዙሩንም አሸነፈ። በ1970 ደግሞ ሚኬሌ ዳንቼሊ በኮልናጎ ብስክሌት የሚላን–ሳን ሬሞን ውድድር ወሰደ። ጣሊያናዊ ካሸነፈ 17 ዓመት ሆኖ ነበርና አገር ምድሩ ተደሰተ። አንድ ጋዜጠኛ ብስክሌቱን ካበበ ነገር ጋር ሲያመሳስለው ኮልናጎ ዓርማ አገኘ፦ በመጫወቻ ካርታ ላይ ያለችው፣ ጣሊያኖች ፊዮሪ የሚሏት ባለ ሦስት ቅጠል አበባ።

ትልቁ ሥራው ግን አበባዋን ሳይለብስ ወጣ። በ1972 መርክስ የአንድ ሰዓት ክብረ ወሰን ለመስበር ወደ ሜክሲኮ ሲቲ ለመሄድ አሰበ። ከተማዋ ከአዲስ አበባ በጥቂቱ ብቻ ዝቅ የምትል፣ አየሯ የሳሳ ናት። ኮልናጎ ክብደት ለመቀነስ የካቴናውን ቁርጥራጮች ሳይቀር በሳ፤ ጣሊያን ውስጥ ያላገኘውን የቲታኒየም ዕቃ ከዲትሮይት አመጣ። ብስክሌቱ ስድስት ኪሎ እንኳ አልሞላም። ጥቅምት 25 ቀን በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር መርክስ በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር ነዳ። ፍሬሙ ላይ የተጻፈው ግን «ዊንድሰር» የሚል ነበር፤ የከፈለው የሜክሲኮ ብስክሌት አምራች ስም።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ አጭር ነው። ኮልናጎ ራሱ በ1980ዎቹ ከፌራሪ ጋር ካርቦን መሞከር ጀመረ፣ በ1994 ሲ40 የተባለውን የካርቦን ፍሬም አወጣ። ትልልቆቹ ቡድኖች ከብረት ወጡ። ግንቦት 2020 ላይ የኩባንያው አብላጫ ድርሻ ለአቡዳቢ ባለሀብቶች ተሸጠ። በዚያው ዓመት መስከረም ታዴይ ፖጋቻር የፈረንሳይን ዙር አሸነፈ። ኮልናጎ የሚል ጽሑፍ ያለበት ብስክሌት ያን ዙር ሲያሸንፍ የመጀመሪያው ነው። ባለ ስሙ 88 ዓመቱ ነበር፤ ብስክሌቱም ከካርቦን የተሠራ፣ ናስ የነካው መጋጠሚያ የሌለው።