ቡናው የከፈለበት መንገድ፦ ከአዲስ አበባ እስከ ሚዛን ተፈሪ



ከአዲስ አበባ ሚዛን ተፈሪ ለመድረስ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ ያስፈልጋል። በዛሬው ንግግሬ የማነሣው ጥያቄ አጭር ነው፤ የዚህን መንገድ ዋጋ የከፈለው ማን ነው? ቀድሞ የደረሰውስ ለማን ነው?

ከመኪና መንገድ በፊት የደቡብ ምዕራብ ቡና በሲራራ ነጋዴ በቅሎ ይጓጓዝ ነበር። ከ1894 ዓ.ም. ውል በኋላ በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ሲቋቋም፣ የባሮ ወንዝ ወደ ሱዳን መውጫ ሆነ። ሆኖም ባሮ ጀልባ የሚያስኬደው በክረምት ነው፤ ቡና የሚለቀመው ደግሞ ክረምቱ ከወጣ በኋላ ነው። ስለዚህ ብዙው ምርት የሚቀጥለውን ክረምት እየጠበቀ በመጋዘን ይከርም ነበር።

የጅማን የመኪና መንገድ ጣሊያን በወረራው ዘመን ሠራው። ከነፃነት በኋላ ግን ጥገና በማጣት ይፈርስ ጀመር። በ1943 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች ተከታትለው ሆኑ፤ የዓለም ባንክ ለመንገድ 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ በአዋጅ ቁጥር 115 የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። በዚያን ጊዜ የአገሪቱ መንገድ 6,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። መሥሪያ ቤቱን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የመሩት ከአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የሕዝብ መንገዶች ቢሮ የመጡ መሐንዲሶች ነበሩ።

እነዚህ ሰዎች የራሳቸውን ታሪክ ይዘው ነው የመጡት። እ.ኤ.አ. በ1806 የአሜሪካ ምክር ቤት የመጀመሪያውን ታላቅ የፌዴራል ጎዳና ፈቀደ፤ ሥራው በ1811 ከከምበርላንድ ተጀምሮ በ1818 ኦሃዮ ወንዝ ደረሰ። ገንዘቡ የታሰበው መንገዱ ከሚያገናኘው ከኦሃዮ የመንግሥት መሬት ሽያጭ ነበር። ምዕራቡ ከፈለ፤ መንገዱም ወደ ምዕራቡ ሄደ።

እኛ ዘንድ ንጽጽሩ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ከአገሪቱ የውጭ ንግድ ገቢ ከግማሽ በላይ የሚያስገኘው ቡና ነበር፤ የዶላር ዕዳ የሚከፈለውም በውጭ ምንዛሪ ነው። በቀድሞው ከፋ ጠቅላይ ግዛት ለቡናው ባለቤት ግን ደህናው መንገድ ጅማ ላይ ያበቃ ነበር። ከዚያ ወዲያ በቅሎ፣ ጭቃ፣ አንዳንዴም የአየር መንገዱ ዲሲ-3 አውሮፕላን ነበር። አስፋልቱ ቦንጋን አልፎ ሚዛን የገባው ከ2000 ዓ.ም. በኋላ ነው።

ይህን የምለው መሐንዲሶቹን ለመውቀስ አይደለም። የተበደረች አገር ገንዘቧን ፈጥኖ ገቢ በሚያስገኝ መስመር ላይ ማዋሏ የሚጠበቅ ነው። ነገር ግን መንገድ ምርቱን ለማውጣት ብቻ ሲታሰብ፣ ሐኪም ቤትና ትምህርት ቤት የሚሻው አምራች ከስሌቱ ውጭ ይቀራል።

ውድ ተማሪዎች፣ የብድሩ ሰነድ በመዝገብ ቤት ተቀምጧል። በቅሎ የነዱት፣ ጭቃ ላይ መኪና የገፉት አዛውንት ትዝታ ግን መዝገብ ቤት የለውም። በቴፒና በሚዛን ዙሪያ ዛሬም አሉ፤ ሳይዘገይ ሄዳችሁ ጠይቋቸው።