መዥገርና ክትባት፦ ከአሶሳ ግጦሽ እስከ ቤተ ሙከራ

የክረምቱ ዝናብ ወርዶ በአሶሳ ዙሪያ ሣሩ ሲለመልም የከብት ባለቤት ደስታ ሙሉ አይሆንም፤ ከሣሩ ጋር መዥገሩም ይነሣልና። ማለዳ ላሟን ለማለብ የተቀመጠች እናት ጣቷ አስቀድሞ የሚያርፈው በጡቱ ሥር ተጣብቆ ባበጠው መዥገር ላይ ነው። ነቅላ ትጥለዋለች፤ በማግሥቱ ሌላው ተተክቶ ይገኛል። ቁስሉ አመርቅዞ አንዱ ጡት የደረቀ እንደ ሆነ ከጥጃውም ከልጁም ድርሻ ጎደለ ማለት ነው። ይህን ጥንታዊ ጠላት በክትባት ለመመከት የተደረገው ምርምር ምን ያህል እንደ ተጓዘና ለአሶሳ ከብት ምን ያህል እንደ ቀረው መመርመር የእንስሳት ሕክምና ባለሙያን ሁሉ የሚመለከት ጉዳይ ነው።

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ምድር ሣርና ውኃ ባይጎድለውም ለከብት ምቹ ብቻ አይደለም። በወንዞች ዳር የሚራባው የቆላ ዝንብ ገንዲን ያስተላልፋል። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ዘመን ከወሎ መጥተው በአሶሳ አካባቢ የሠፈሩት ገበሬዎች በበሬ ማረስን የለመዱ ነበሩ፤ ለእንዲህ ያለው አራሽ የበሬ ጤና የእርሻው ሕይወት ነው። በገንዲው ላይ የመዥገሩ ጉዳት ሲታከልበት ሸክሙ እጥፍ ይሆናል።

የኢትዮጵያ መዥገሮች ሥርጭት በስፋት ከተጠናባቸው ሥራዎች አንዱ ፔግራም፣ ሆግስትራልና ዋሴፍ እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳተሙት ጽሑፍ ነው። በምዕራቡ አገራችን ሁለት ዝርያዎች በተለይ ይታወቃሉ። አንደኛው አምብሊዮማ ቫሪዬጋተም ይባላል። ረጅም አፉን በጡትና በብሽሽት ቆዳ ውስጥ አጥልቆ ይተክላል፤ ቁስሉም ለሌላ ሕመም በር ከመክፈቱ በላይ ቆዳውን ዋጋ ያሳጣዋል። ሁለተኛው ቡፊለስ ዲኮሎራተስ ሲሆን መጠኑ አነስተኛ ነው፤ ነገር ግን ባቤዚያና አናፕላዝማ የተባሉትን የደም በሽታዎች ያስተላልፋል።

ዓለም ለዚህ ችግር መጀመሪያ ያገኘው መልስ መርዝ ነበር። በአውስትራሊያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከብቶችን አርሴኒክ በተቀላቀለበት ገንዳ ውስጥ ማሳለፍ ተጀመረ። ከዚያም ዲ.ዲ.ቲ.ና የእርሱ ዘመዶች፣ ቀጥሎም ሌሎች ኬሚካሎች ተራ በተራ መጡ። ይሁን እንጂ መዥገሩ አንዱን ሲለምድ ሌላው መፈለጉ አልቀረም። የመድኃኒቱ ዋጋም በወተቱና በሥጋው ላይ የሚያሳድረው ሥጋትም እያደገ ሄደ። ከዚህም የተነሣ ጥያቄው ተለወጠ፤ ከብቱ ራሱ መዥገሩን እንዲመክት ማድረግ አይቻልምን?

ለዚህ ጥያቄ መነሻ የሆነው የዊልያም ትሬገር ሥራ ነው። እኚህ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1939 አንድ ጊዜ በመዥገር የተነከሱ የቤተ ሙከራ እንስሳት ሁለተኛውን ንክሻ በተሻለ ሁኔታ እንደሚቋቋሙ አሳዩ። ከ40 ዓመት በኋላ አለንና ሐምፍሪስ ከመዥገር የውስጥ አካል የተዘጋጀ ቅመም ለእንስሳት ወግተው የመዥገሩ አመጋገብና መራባት እንደሚቀንስ አረጋገጡ። ቀጥሎም በአውስትራሊያ ፒተር ዊላድሰንና ባልደረቦቻቸው በመዥገሩ አንጀት ግድግዳ ላይ ያለውን ቢ.ኤም. 86 የተባለ ፕሮቲን ለይተው እ.ኤ.አ. በ1989 አስታወቁ።

የአሠራሩ ጥበብ እንዲህ ነው። ይህ ፕሮቲን በመዥገሩ አንጀት ውስጥ የተሰወረ ስለ ሆነ፣ ከብቱ በተፈጥሮ አይተዋወቀውም። ክትባቱ ሲያስተዋውቀው ግን የከብቱ ደም የመከላከያ አካላት ያፈራል። መዥገሩ ደሙን ሲመጥ እነዚያን አብሮ ይመጣል፤ አንጀቱም ይጎዳል፣ የሚጥለውም እንቁላል ያንሳል። ስለዚህ ክትባቱ መዥገሩን ወዲያው እንደ መርዝ አያረግፍም፤ የመስኩን መዥገር ከትውልድ ወደ ትውልድ እያመነመነ ይሄዳል እንጂ። በዚሁ መሠረት ጋቫክ በኩባ እ.ኤ.አ. በ1993፣ ቲክጋርድ በአውስትራሊያ በ1994 ለገበያ ቀረቡ።

የፔፕታይድ ክትባት የዚሁ ሐሳብ ቀጣይ ደረጃ ነው። ሙሉውን ፕሮቲን በባክቴሪያ ወይም በእርሾ ከማምረት ይልቅ፣ የከብቱን መከላከያ የሚቀሰቅሰውን አጭር ቁራጭ ብቻ መርጦ በኬሚስትሪ መሥራት ነው። በብራዚል ፓታሮዮና ባልደረቦቻቸው ከቢ.ኤም. 86 የተመረጡ ቁርጥራጮችን በአንድ ሰንሰለት አገናኝተው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በከብት ላይ 81 በመቶ ያህል ውጤት ማግኘታቸውን ገለጹ። እንዲህ ያለው ክትባት ንጽሕናው የተጠበቀ ነው፤ ሕያው ተሕዋስያንም አያስፈልጉትም።

የቢ.ኤም. 86 ክትባት ግን የተሠራው ቡፊለስ ማይክሮፕለስ በተባለው መዥገር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የሆላንድና የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ጥናት፣ በቢ.ኤም. 86 የተከተቡ ከብቶች ዲኮሎራተስን በብርቱ ሲመክቱ በቫሪዬጋተም ላይ ግን ጥበቃ እንዳላገኙ አሳየ። ለአሶሳ ይህ ከባድ ቃል ነው፤ ጡት የሚያደርቀው ቫሪዬጋተም ነውና። ዲኮሎራተስ ዕድሜውን በአንድ ከብት ላይ ሲያሳልፍ፣ ቫሪዬጋተም በሦስት የዕድገት ደረጃዎቹ ሦስት አስተናጋጆችን ይለዋውጣል፤ ታናናሾቹ በወፎችና በዱር እንስሳት ላይ ጭምር ይመገባሉ። ስለዚህ ከብቱን ብቻ መከተብ ምንጩን አያደርቅም። ከብራዚልና ከኩባ የተገኘው ልምድ መንገዱን ያሳያል እንጂ መድረሻው ላይ አያደርስም።

ለዚህ አገር ተስፋ የሚሆነው ሌላ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1964 በደብረ ዘይት የተቋቋመው የብሔራዊ የእንስሳት ሕክምና ኢንስቲትዩት ክትባት በማምረት ረጅም ልምድ አካብቷል። በክፉ ቀን ዘመን የኢትዮጵያን ከብት የፈጀው የደስታ በሽታም እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል። ያ ድል የተገኘው ክትባቱ ስለ ተፈለሰፈ ብቻ ሳይሆን፣ የሚከትበው ባለሙያ ከብቱ ካለበት ሥፍራ ድረስ ስለ ሄደ ነው። የመዥገሩም ክትባት ቢሆን የአሶሳን መዥገር በአሶሳ ከብት ላይ የሚያጠና ይፈልጋል። እስከዚያው ድረስ መዥገሩን በዝርያው መለየትና መድኃኒቱን ያለ አግባብ ከመርጨት መቆጠብ የባለሙያው ድርሻ ነው፤ ማለዳ በበረቱ ውስጥ በጣቷ የምትነቅለው እናት ግን የራሷን ድርሻ ከጥንት ጀምሮ እየተወጣች ነው።