ከጦርነቱ በኋላ ወንበር ያገኘው ማን ነው? መቃብር ያገኘውስ?



በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን አብዛኛውን ጊዜ የምንጽፈው ስለ መዋጮና ስለ ድንኳን ነው። ዘንድሮ ግን ከዕድር ሥራ ብዙም ያልራቀ የታሪክ ጉዳይ ብናነሣ አትጠሉብንም ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ይኸውም የእርስ በርስ ጦርነት ሲያበቃ የሚደረገው ነገር ኋላ የሚመጣውን የዲሞክራሲ አስተዳደር እንዴት እንደሚቀርጸው ነው። የሞተ ሰው ጉዳይ የኛ ጉዳይ ስለሆነ ከቀብር እንጀምር።

እንደሚታወቀው ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. 60 የሚሆኑ ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሽኖ በጅምላ ቀበረ። ንጉሠ ነገሥቱም በነሐሴ 1967 ሲሞቱ መቃብራቸው ተደበቀ። ቀጥሎ ቀይ ሽብር መጣ። ሻለቃ መላኩ ተፈራ ጎንደርን ባስተዳደሩበት ዘመን ስንቱ ወጣት እንደ ወጣ ቀረ። ልጇ የተገደለባት እናት እንዳታለቅስ ትከለከል ነበር፤ ሟቹ «ፀረ አብዮት» ከተባለ ዕድርም ድንኳን መትከል ይፈራል። ቀበሌ እኮ በ1967 አዋጅ ሲቋቋም ጎረቤት ራሱን እንዲያስተዳድር ተብሎ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ጠመንጃ ሲሰጡት ጎረቤቱን አሳሪ ሆነ። በገጠሩ ደግሞ መጀመሪያ ኢዲዩ፣ ከዚያ ኢሕአፓ፣ በመጨረሻም ሕወሓትና ኢሕዴን ከመንግሥት ጦር ጋር ተዋጉ። ጠዳ በጎንደርና በባሕር ዳር መንገድ ላይ ናት፤ ሠራዊት ሲወጣም ሲወርድም በደጃችን ነው የሚያልፈው።

ከየካቲት 1983 አጋማሽ ጀምሮ ኢሕአዴግ «ቴዎድሮስ» ብሎ በሰየመው ዘመቻ ጎንደርና ጎጃም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተያዙ። ግንቦት 20 አዲስ አበባ ገባ። የቀድሞው ሠራዊት ፈረሰ፤ ከ400 ሺህ በላይ ወታደር መለዮውን አውልቆ ወደየቀዬው ተበተነ። ከነዚያ ስንቱ አገሩ ሲደርስ ቤቱ ፈርሶ፣ ወላጆቹ ሞተው ጠበቁት። ዛሬ በየዕድሩ ድንኳን የሚተክሉ አሉባቸው።

አሁን ወደ ወንበሩ እንምጣ። ከሰኔ 24 እስከ 28 ቀን 1983 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ ጉባኤ ተደረገ፤ የሽግግር ዘመን ቻርተርም ወጣ። የተቋቋመው ምክር ቤት 87 መቀመጫ ነበረው። ከዚህ ውስጥ 32ቱ የኢሕአዴግ፣ 12ቱ የኦነግ ሆኑ፤ የቀረው ለሌሎች ተከፋፈለ። በጎንደርና በጎጃም በረሃ ስንት ዓመት የቆየው ኢሕአፓ አልተጠራም፤ መኢሶንም እንዲሁ። የተሸነፈው ወገንማ ማን ይጠራዋል? በ1984 ሰኔ የክልል ምርጫ ሲደርስ ኦነግም ጥሎ ወጣ። ሕገ መንግሥቱ ኅዳር 29 ቀን 1987 ሲጸድቅ ጠረጴዛው ከመጀመሪያውም ጠቦ ነበር።

በኛ ዕድር ሁለት ጎረቤቶች ቢጣሉ፣ ደንብ በሚሻሻልበት ቀን ሁለቱም ይጠራሉ። አንዱ ከቀረ ስብሰባው ይቀላል፤ ግን በሌለበት የጸደቀውን ደንብ በዓመቱ «የኔ አይደለም» ይላል። በአገራችን የሆነው ይኸው ነው ብለን እናምናለን። በቻርተሩ ሆነ በሕገ መንግሥቱ ላይ የሰፈሩት የመናገርና የመደራጀት መብቶች እኮ የሚያስቀና ቃል ነበራቸው። ችግሩ ተዋጊ ድርጅት በበረሃ የነበረውን ቅርጽ ይዞ መንግሥት መሆኑ ላይ ነው። በብሔር ተደራጅቶ የተዋጋው አገሩን በብሔር አዋቀረ፤ በበረሃ ትእዛዝ ከላይ ወደ ታች ይወርድ ስለነበር በምክር ቤትም እንደዚያው ወረደ። የኛን ክልል ለረጅም ጊዜ ያስተዳደረው ኢሕዴን፣ በ1986 ስሙን ብአዴን ያለው፣ ራሱ ከኢሕአፓ ተለይተው በወጡ ታጋዮች የተመሠረተ ነው። ቀበሌውም ባለቤት ለወጠ እንጂ አልፈረሰም። በ1997 ግንቦት ሕዝቡ በነቂስ ወጥቶ መረጠ፤ ውጤቱ አጨቃጨቀና ደም ፈሰሰ። በ2002 ገዥው ግንባርና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን፣ በ2007 ደግሞ ሁሉንም ያዙ። ሁሉም አንድ ድምፅ የሆነበት ምክር ቤት ከዕድር ስብሰባ ያንሳል፤ እኛ ጋ ቢያንስ በሒሳብ ሪፖርት እንጨቃጨቃለን!

በመቃብር በኩል ግን መልካም ሥራ ተሠርቷል፤ እሱን መካድ አይገባም። በ1984 ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቋመ፤ የጅምላ መቃብሮች ተከፈቱ፤ የ1967ቱ ሟቾች አጽም በክብር ዐረፈ። ንጉሠ ነገሥቱ ጥቅምት 26 ቀን 1993 በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። የደርግ ባለሥልጣኖች ክስ በ1987 መሰማት ጀምሮ ፍርዱ በታኅሣሥ 1999 ተሰጠ። ቢሆንም ፍርድ ቤት የቀረበው የተሸናፊው በደል ብቻ ነው። በሌላው ወገን በየጫካው የወደቀው፣ እርስ በርሱ የተገዳደለውም፣ ፋይል አልተከፈተለትም።

እስፓኝ ከዚህ የተለየ መንገድ ሄዳለች። ጦርነቷ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1939 ነበር። ፍራንኮ ሲሞት፣ በ1977 ሁሉንም በምሕረት ዘጉት፤ ግራውም ቀኙም በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጦ ሕገ መንግሥት ጻፈ። ወንበሩ ለሁሉም ተገኘ፤ መቃብሩ ግን ተረሳ። የልጅ ልጆች የአያቶቻቸውን አጽም ከየመንገዱ ዳር ለማውጣት ሕግ እስኪወጣላቸው 2007 ደረሰ። እነሱ ጠረጴዛውን አስቀደሙ፤ እኛ ደግሞ ችሎቱን፣ እሱንም በግማሽ።

በዘመናችንም ይኸው ጥያቄ ተመልሶ መጥቷል። በ2013 የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 በፕሪቶሪያ ስምምነት ቆመ። የፈረሙት የፌዴራሉ መንግሥትና ሕወሓት ናቸው፤ ጦርነቱ ያለፈባቸው የአማራና የአፋር ወረዳዎች በዚያ ጠረጴዛ የራሳቸው ወንበር አልነበራቸውም። ዓመት ሳይሞላ፣ በሐምሌ 2015፣ በክልላችን ሌላ ተኩስ ተከፈተ። የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን በ2014 ተቋቁሟል፤ የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲም በሚያዝያ 2016 ጸድቋል። በዕድር መዝገብ ማን መቼ እንደ ሞተ፣ ማን እንደ ቀበረው ተጽፎ ይቀመጣል። የነዚህ ጦርነቶች ሟቾች ስም ግን በአንድ መዝገብ ተሟልቶ አልተጻፈም።