ባዶ እጁን ሰቆጣ የደረሰው ሚስዮናዊ

ለወንጌል ጉዞ ስንነሣ መጀመሪያ የምናስበው ስለምንወስደው ነገር ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስ፣ መድኃኒት፣ ልብስ፣ የመኪና ነዳጅ። የዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ የዋግ ጉዞ ግን የተገላቢጦሽ ነበር።

ክራፕፍ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሚስዮን ማኅበር የላከው ጀርመናዊ ነው። ከ1839 ጀምሮ (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አገር በሸዋ ተቀምጦ ኦሮምኛ አጠና፤ ወንጌልንም ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ጀመረ። በማርች 1842 ሮዚና ዲትሪሽን ሊያገባ ወደ ግብፅ ለመሄድ ከአንኮበር ወጣ። ወሎ ላይ አዳራ ቢሌ የተባለ ባላባት፣ አስቀድሞ በመልካም ተቀብሎት የነበረው ሰው፣ ያዘውና ንብረቱን ዘርፎ ለቀቀው። ከዚያ በኋላ በላስታና በዋግ አድርጎ፣ በሰቆጣ አልፎ፣ ትግራይን አቋርጦ በሜይ ወር ምጽዋ እስኪደርስ ያኖረው የመንገዱ ሰው ምጽዋት ነው።

ሰቆጣ የዋግ ሹሞች ከተማ፣ የአሞሌ ጨው ገበያ ነበረች። ሕዝቡም ለክርስቶስ ስም እንግዳ አልነበረም። በአጎራባቹ ላስታ ላሊበላ ዐለት ሲያስፈለፍል ሉተር ሊወለድ ገና ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ይቀረው ነበር! ዛሬ ወደዚያ የሚሄድ ወገን ይህን አስቦ ቢሄድ ደግ ነው። ክራፕፍ ራሱ ስለ አገራችን ካህናት የጻፈው ብዙው ሻካራ ነው፤ ሆኖም ጌታ በማቴዎስ 10፥42 ስለ ቀዝቃዛ ውኃ የተናገረው ቃል በዚያ መንገድ የተፈጸመው በእርሱ እጅ ሳይሆን በአብላዮቹ እጅ ነው።

መጻሕፍት በእጁ ቢኖሩስ? አባ አብርሃም በካይሮ ዐሥር ዓመት ደክመው የተረጎሙት የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሙሉው በ1840 ታትሟል። የኽምራ አገው እናት ግን ልጇን የምታባብለው በኽምጣኛ ነው። ለገበያው አማርኛ ይበቃል፤ ለምድጃው ዳር አይበቃም። ይህ ሥራ ከክራፕፍ በኋላም ረጅም ዘመን ጠብቋል።

ክራፕፍና ሮዚና በዚያው ዓመት ግብፅ ውስጥ ተጋቡ። ወደ ሸዋ እንዳይመለሱ ንጉሡ ከለከለ። በ1843 በትግራይ በኩል ሊገቡ ሲሞክሩ ሮዚና በረሃ ላይ ያለ ጊዜዋ ወለደች፤ ሕፃኗም ብዙ አልቆየችም። አባቷ ክርስትና ሲያነሣት ያወጣላት ስም አማርኛ ነው፤ እንባ።